ውሃ ነክቶት ስለማያውቀው ጋዋን

ለተከበሩ የማዘጋጃ ቤቱ የምግብ ቤቶች ጤና ተቆጣጣሪ፤
ቢሮ ካሉ በቢሮዎ፣ ከሌሉም የሚጠበስ ነገር በሚሸትበት ሁሉ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ነው? ሆድዎ፣ ጉበትዎ፣ ጥርስዎ እንዴት ሰነበቱ? እንዲህ አብዝቼ የምጠይቅዎ የጤና ሰው ስለሆኑ ብቻ አይደለም። በመንገዳችን ካሉት ምግብ ቤቶች ሁሉ፣ አንዱን ከሌላው ሳያበላልጥ እየዞረ የሚቀምስልን ሆድ የእርስዎ ብቻ ስለሆነ፣ እሱ የታመመ ዕለት ሕጉ ራሱ አልጋ ይይዛል ብዬ ስለምሰጋ ነው። እኛ ማለትም እኔ፣ አክስቴና በሯ ላይ የለጠፉት ቀይ ማኅተም ደኅና ነን። ከሦስታችን ማኅተሙ ይሻላል፤ ጥላ ላይ ነው ያለው።

እኔን ሳያስታውሱኝ አይቀሩም። ባለፈው ሳምንት የአክስቴን ሻይ ቤት ሲያሽጉ መጥረጊያ ይዤ በሩ ላይ ስለፈልፍ፣ ረዳትዎን «የዚችን ልጅ አፍ ያዝልኝ!» ያሉት እኔን ነው። ረዳትዎ ምስኪን በአንድ እጁ የፍሊት መንፊያውን፣ በአንድ እጁ የእርስዎን የቡሽ ባርኔጣ ይዞ ስለነበረ አፌን የሚይዝበት ሦስተኛ እጅ አጣ። ከሰባተኛ ክፍል ያስወጣኝም ይኸው አፌ ነው። መምህሬ «ወይ አፍሽ ይወጣል ወይ አንቺ ትወጫለሽ» አሉኝ፤ ተያይዘን ወጣን። ስለዚህ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ጨዋ ያልሆነ ነገር ቢያጋጥምዎ ሰባተኛ ክፍልን ስላልጨረስኩ ነው ብለው ይለፉኝ፤ ጨዋ የሆነውን ነገር ሁሉ የሚያስተምሩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ሳይሆን አይቀርም።

ደብዳቤውን አሽጌ ልልክልዎ ነበር። ሥጋ ሻጩ ግን «አሽገሽ ከላክሽለትማ ይወደዋል፤ የታሸገ ነገር ደስ ይለዋል» ስላለኝ ግልጽ አድርጌዋለሁ። አንዱ ቅጂ ከውሃ ቧንቧው አጠገብ፣ አንዱ ከዳቦ ቤቱ በር፣ አንዱ ደግሞ ከራሱ ከማዘጋጃ ቤቱ አጥር ላይ ተለጥፏል። ለእርስዎ የደረሰዎት እጅግ በጥሩ የእጅ ጽሑፌ የጻፍኩት ነው።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? ጥሩ ውሃ በሰፈራችን ስለሌለ በሥሩ ልጀምር።

አንደኛ፣ ስለ ዝንቧ አመሰግናለሁ። ከየቤታችን ግድግዳ ባስለጠፉት ማስታወቂያ ላይ ጥጃ የምታክል ዝንብ ተስላለች፤ የእግሯ ፀጉር ሳይቀር ይቆጠራል። ከሥሯ «ጠላትህን እወቅ» ይላል። አወቅናት። ደንበኞቻችን ዳቦ እየገመጡ ከእሷ ጋር ዓይን ለዓይን መተያየት ስላቃታቸው፣ ማስታወቂያውን ማውረድ ደግሞ ስለሚያስቀጣ፣ አክስቴ ወንበሮቹን ሁሉ አዞረቻቸው። አሁን ሰው ለዝንቧ ጀርባውን ሰጥቶ ነው ሻይ የሚጠጣው፤ ማለቴ ሳይታሸግ በፊት። ግን ክቡር ሆይ፣ ዝንቧ ቤቷ የት እንደሆነ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም። ማዘጋጃ ቤቱ ከመንገዳችን መሀል ቆፍሮ ሳይከድነው የተወው ቦይ አለ። በመጡ ቁጥር ቢስክሌትዎን ትከሻዎ ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫዎን በመሐረብ ይዘው ይዘሉታል። አዘላለልዎ ያምራል፤ የሰፈሩ ልጆች ያጨበጭቡልዎታል። ማዶ ካረፉ በኋላ መሐረቡን ኪስዎ ይከቱና «ይሄ ሁሉ ዝንብ ከየት መጣ?» ብለው ሻጩን ያፋጥጣሉ። ቦዩን አንድ ቀን እንኳ ሲያሽጉት አላየንም። ለነገሩ ቦይ ምን ያቀምሳል?

ሁለተኛ፣ ስለ ነጩ ጋዋን። «ማንኛውም ምግብ ሻጭ ነጭ ጋዋን ሳይለብስ ቢገኝ ሱቁ ይታሸጋል» የሚል ትእዛዝ ከእርስዎ በመጣ ጊዜ መንገዱ በሙሉ ራሱን ያዘ። አንድ ጋዋን ማሰፋት ለዓሣ ጠባሿ የአንድ ክረምት የጣሪያ ማስጠገኛ ገንዘብ ነው። ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ ይህን በአደባባይ የምነግርዎ ሁሉም «ንገሪው፣ ይውጣልን» ስላሉኝ ነው፤ መንገዱ በሙሉ አዋጥቶ አንድ ጋዋን አሰፋ። አንድ። ልኩ የሥጋ ሻጩን ቦርጭና የዓሣ ጠባሿን ቅጥነት ለማስታረቅ መሀል ላይ ተወሰደ፤ ስለዚህ ለማንም ልክ አልሆነም። እርስዎ ከአንዱ ቤት በፊት ለፊት በር ሲወጡ ጋዋኑ በጓሮ መስኮት ይወጣል። እርስዎ ፔዳልዎን ረግጠው፣ ጋዋኑ ከእጅ ወደ እጅ በርሮ፣ ሁልጊዜ ቀድሞዎ ይደርሳል። ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ ወድቆ የቡኒ ካፖርት ቁልፍ ተተክሎበታል። ይህች ቡኒ ቁልፍ በአንድ ከሰዓት በኋላ ከሥጋ ሻጩ ደረት ላይ፣ ቀጥላ ከዳቦ ጋጋሪው፣ ቀጥላ ከዓሣ ጠባሿ፣ መጨረሻ ላይ ከአክስቴ ደረት ላይ ተቀምጣ ስታይዎ፣ እርስዎም ሲያይዋት ቆይታችኋል። አንዴ እንዲያውም ቆም ብለው «የዚህ መንገድ ነጋዴዎች አለባበሳችሁ አንድ ዓይነት ነው፤ ደስ ይላል» ብለው አመሰገኑን። ሥጋ ሻጩ ሳቁን ለመያዝ የበሬ ታፋ አቅፎ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉልኝ። ያን ጋዋን ለብሶ የሠራ ሰው የለም። ማን ደፍሮ! ጠብታ ዘይት ያረፈበት ቀን መንገዱ ያብዳል። ለሥራ ይለበስ የተባለው ልብስ ሥራ ሲጀመር የሚወልቅ፣ እርስዎ ሲመጡ የሚጠለቅ ነው። አክስቴ በየሳምንቱ አጥባ፣ በስታርች አድርቃ፣ በከሰል ካውያ ተኩሳ ነው የምታስቀምጠው። ንጣቱ ዓይን ይወጋል። በከተማው ውስጥ ካሉት ነጭ ጋዋኖች ሁሉ ምግብ ነክቶት የማያውቅ የእኛ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ዓሣው።

የዚያን ዕለት ሙቀቱ ድንጋይ ያቀልጣል። ዓሣ ጠባሿ ቤት ገብተው፣ ከመጥበሻው አጠገብ ቁጭ አሉ። «ትኩስነቱን ማረጋገጥ አለብኝ» አሉ። አንዱን አረጋገጡ። ሁለተኛውንም እንዳይቀየመን ብለው አረጋገጡት። ሲያልብዎ የተቆጣጣሪነት ነጭ ጋዋንዎን አውልቀው ከበሩ ጀርባ ካለው ምስማር ሰቀሉት። እሷም ትኩስ እንድትጨምርልዎ ስላዘዟትና ዘይት እንዳይፈናጠርበት ስለፈራች፣ የመንገዱን ጋዋን አውልቃ ከዚያው ምስማር ሰቀለችው። ሁለቱንም የሰፋው ከማዕዘኑ ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ነው፤ ከአንድ ጣቃ ነው የቆረጣቸው። ተደራርበው ሲሰቀሉ መንታ ይመስላሉ።

ባሏን ሰፈሩ «ቶሎቶሎ» ይለዋል። ቶሎ ቶሎ ቤት ግድግዳው ሰንበሌጥ እንደሚባለው፣ እሱ የጀመረው ነገር ሁሉ ግድግዳ የለውም። እርስዎ አፍዎን ጠርገው ሲነሱ ባየ ጊዜ «ሄደ! ሄደ!» ብሎ ምስማሩ ላይ እጁ የገባለትን መንትፎ በጓሮ መስኮት ወረወረልኝ። እኔም ተቀብዬ ሮጥኩ። እርስዎም በተራዎ ምስማሩ ላይ የቀረልዎትን ለበሱ። እጅጌው ክንድዎ ላይ ቀርቶ ሳለ ምንም አላሉም። ምናልባት ከዚያ ሁሉ ማረጋገጥ በኋላ ወፍረው መስሎዎት ይሆናል።

አራተኛውን አክስቴ «ይሄንንስ አጥፊው፣ ምንም ቢሆን ትልቅ ሰው ናቸው» ስላለችኝ አጥፍቼዋለሁ። ባጭሩ ስለ ቦርጭዎ ነበር።

አምስተኛ። አክስቴ ጋዋኑን ሳቀብላት አፍንጫዋን ያዘች። «ምን ነካው ዛሬ? ቆይ እሷን! ዓሣ አጥባበታለች እንዴ?» ብላ ዓሣ ጠባሿን ረገመቻት። ግን የቢስክሌትዎ ደወል በሩ ላይ አቃጨለ። ከመታሸግ መሽተት ይሻላል ብላ አጠለቀችው። አክስቴን ያውቋታል፤ ቁመቷ ከጠረጴዛዋ ብዙ አይበልጥም። እጅጌው ጣቶቿን ዋጣቸው፣ ጫፉ መሬት ጠረገ። እርስዎ ገቡና ደረት ኪስዎን ዳሰሱ። ጎን ኪስዎን ዳሰሱ። መነጽርዎን አጡት። ከዚያ ጎንበስ ብለው አፍንጫዎ ጋዋኑን እስኪነካ ድረስ ተጠጉና፣ እንደ አዳኝ ውሻ ከኪስ እስከ ክርን አሸተቱት። ቀና ሲሉ ፊትዎ ተቆጥቶ ነበር። ለረዳትዎ እንዲህ ብለው አስጻፉ፤ ወረቀቱ በራችን ላይ ስለተለጠፈ በቃሌ ይዤዋለሁ፦

«ጋዋኑ ከተሰፋ ጀምሮ ውሃ ነክቶት የማያውቅ፣ ቀኝ ኪሱ በዘይት የራሰና የገማ ዓሣ የሚሸት፣ ግራ እጅጌው የቆየ ጮማ የደረቀበት፣ ደረቱ ላይ የማይታወቅ ቀይ ነገር የተጣበቀበት፣ እጅጌው ከመጠን በላይ ረዝሞ ሻይ ውስጥ የሚነከር፣ በአጠቃላይ ለባሹ ለንጽሕና ደንታ የሌለው መሆኑን የሚያሳይ ነው። ቤቱ ታሽጎ፣ ጋዋኑ ሳይታጠብና ሳይነካ ሐሙስ ለጤና ኮሚቴው ለማስረጃ ይቅረብ፤ ፈቃዱም ይሰረዝ።»

አቤት አነጋገር! ስለ አንድ ልብስ እንዲህ በዝርዝር የተናገረ ሰው አላየሁም። ልብሱን በቅርብ የሚያውቁት ይመስላሉ።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቀልዴን ላቁም፤ ከዚያ እመለስበታለሁ። አክስቴ እናቴ የሞተች ቀን እጄን ይዛ ወደ ሻይ ቤቷ ያስገባችኝ ሴት ናት። ከትምህርት ቤት ስባረርም «በይ ሽርጥሽን እሰሪ» ብቻ ነው ያለችኝ። ሌላ ሥራ የላትም፣ ሌላ ቤት የላትም፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሻይ ይሸጣል፣ ከመጋረጃው ወዲያ እንተኛለን። አሁን በጓሮ በኩል ሾልከን እንደ ሌባ ነው የምንገባው። ፈቃዱ ሐሙስ ከተሰረዘ በጓሮም አንገባም፤ ቤቱ የሚከራየው ለምግብ ሻጭ ብቻ ነውና። ግን እሷን የጎዳት ይሄ አይደለም። ከታሸገች ጀምሮ ደንበኞቿ የነበሩ ሰዎች በወዲያኛው ዳር ነው የሚያልፉት። ትናንት ኩባያ እያጠበች፣ ለማንም የማይቀርብ ኩባያ፣ ድንገት እጇን ወደ አፍንጫዬ ዘረጋችና «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ፤ እሸታለሁ እንዴ?» አለችኝ። እጇ ሳሙና ሳሙና ይል ነበር። ሌላ ሽታ ኖሮት አያውቅም። ይህን ደብዳቤ መጻፍ የጀመርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ቀለሙ የተፈናጠረበትም ለዚያ ነው።

አሁን ወደ ቀልዴ ልመለስ።

ስድስተኛ፣ ስለ መነጽሩ። ባሸጉን ማግስት አክስቴ ያንን ጋዋን እንደታዘዘችው «ሳይታጠብና ሳይነካ» በወረቀት ልትጠቀልለው ስታነሳ፣ ከደረቱ ኪስ አንድ መነጽር ዱብ አለ። ክንዱ በክር የታሰረ፣ ወፍራም፣ የአንድ የታወቀ ባለሥልጣን አፍንጫ ለብዙ ዓመት የተቀመጠበት። አክስቴ አገላበጠችው። ጋዋኑን አየች። ቡኒዋን ቁልፍ ፈለገች፤ የለችም። የአንገቱን ውስጥ ስትገልጥ በቀይ ክር የተጠለፈች ትንሽ መስቀለኛ ምልክት አገኘች፤ የማን እጅ እንደሆነ ከመንገዱ ሰው የሚያውቅ የለም፣ የተጠለፈው ግን በጥንቃቄ ነው። አክስቴ ወንበር ስባ ተቀመጠችና «ወይ ጉድ! የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ» አለች። እኔ ግን ብዙ አልኩ፤ ያልኩት ለወረቀት አይሆንም።

ነገሩ ሲሰማ መንገዱ በሙሉ ጓሯችን ተሰበሰበ። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ላይ የመጡት ሊያጽናኑን ሳይሆን ሊያስጠነቅቁን ነው። ሥጋ ሻጩ «እትዬ፣ እባክሽ ቻይው» አላት። «ጋዋኑ የእሱ ነው ካልሽ፣ የእኛስ የት ሄደ ይባላል። የእኛ አንድ ብቻ እንደሆነ ይታወቃል። ከዚያ ሁላችንም በሰም መታተማችን ነው። አንድ ሰው ቢጎዳ ይሻላል።» ዳቦ ጋጋሪው መሬት መሬቱን አየ። ቶሎቶሎም ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቱ ዝግ አለ። አክስቴ «ልክ ናችሁ» አለች። ልክ ናችሁ! እኔ እንደ ድስት ልገነፍል ስል፣ ዓሣ ጠባሿ ድንገት «እስቲ ያን ወረቀት እንደገና አንብቢልኝ» አለችኝ።

አነበብኩላት። «የገማ ዓሣ» የሚለው ላይ ስደርስ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች።

«የማን ዓሣ ነው የገማው? ያ ዓሣ እኮ የኔ ነው! ከኔ መጥበሻ የወጣ ነው! ሁለቱን በልቶ፣ ሦስተኛውን በወረቀት አስጠቅልሎ ቀኝ ኪሱ ከቶት አይደል የወጣው? ጣቱን ሲልስ ነበር እኮ! ሲልስ ያልገማ ኪሱ ሲገባ ገማ?»

ጋዋኑን ጠረጴዛ ላይ ዘረጋነው። ዓሣ ጠባሿ ቀኝ ኪሱን አሸተተችና «የኔ ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱን አላውቀውም?» አለች። ዳቦ ጋጋሪው ቀስ ብሎ ተጠጋ፤ ደረቱ ላይ የተጣበቀውን «የማይታወቅ ቀይ ነገር» በጥፍሩ ፋቀው፣ ቀመሰው። «ማርማላታዬ ናት» አለ፣ የጠፋ ልጁን እንዳገኘ ሰው። በመጨረሻ ሥጋ ሻጩ የጋዋኑን ግራ እጅጌ አነሳና «ጮማው የቆየ አይደለም» አለ። «የሰኞ ነው። የቆየ ጮማ አልሸጥም እኔ።» ከዚያ ወደ አክስቴ ዞሮ አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ ሐሙስ አብሬሽ እመጣለሁ፤ እጅጌዬን ለማስመስከር።»

እንዲህ ነው የሆነው። ፍርሃት ያላንቀሳቀሰውን መንገድ ጮማና ዓሣ አንቀሳቀሰው። አንድ ነገር ግን ሁላችንም በደንብ አየን፦ ከዚያ ጋዋን ላይ የሻይ ጠብታ የለም፤ የወተትም፣ የአክስቴ ደረቅ ዳቦ ፍርፋሪም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በዚህ መንገድ ሲነሱ «ጌታዬ፣ ሂሳብ» የምትልዎ እሷ ብቻ ስለሆነች እሷ ጋ ምንም አልቀመሱም። እሷ ቤት ያልነጠበብዎ ለዚህ ነው። እሷን ብቻ ያሸጉትም ለዚህ ይሆን? እኔ አላውቅም፤ ሰባተኛ ክፍልን አልጨረስኩም።

ሰባተኛ፣ ስለ ርኅራኄዎ። ትናንት ረዳትዎ ያለ ፍሊቱ፣ በእግር ጣቱ እየተራመደ በጓሮ መጣ። መጀመሪያ «አንድ መነጽር አይታችኋል?» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ክቡርነታቸው አዝነውላችኋል፤ ጋዋኑን ስጡኝና ነገሩ ይቀራል» አለ። አክስቴ «ማኅተሙን ማን ያነሳዋል?» ስትለው «እሱ ቀስ ብሎ ይታያል» አለ። «በሬ ላይ የተጻፈውስ?» ስትለው «ዝናብ ያጠፋዋል» አለ። ክቡር ሆይ፣ ይህን መልስ ያዘጋጁት እርስዎ ከሆኑ እጅዎ ይባረክ። አክስቴ ሻይ አቀረበችለት፤ ረዳትዎ ምስኪን ጠጣ። ሲነሳም «ልጄ፣ ሂሳብ» አለችው። ከፈለ። ጋዋኑን ግን አልሰጠችውም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ የእኛ ልመና አጭር ነው። እስከ ሐሙስ ድረስ ቢስክሌትዎን ትከሻዎ ላይ ሰቅለው፣ ቦዩን በዚያ በሚያምር አዘላለልዎ ዘለው፣ በፊት ለፊት በር ይምጡ። በጓሮ አይደለም፤ ጓሮው የጋዋን መንገድ ነው። ማኅተሙን በገዛ እጅዎ ያንሱ፤ በሩ ላይ ያለውን ወረቀት ባነበበው ሰው ሁሉ ፊት ቀደው «ይህች ሴት ንጹሕ ናት» ይበሉ። አራት ቃል ብቻ ነው፤ ከአንድ ዓሣ ይቀላል። የመንገዱን ጋዋንም ይመልሱልን። ቡኒዋን ቁልፍ እንዳይጥሏት አደራ። ይህን ካደረጉ አክስቴ የእርስዎን ጋዋን አጥባ፣ ስታርች አድርጋ፣ ተኩሳ ታስረክብዎታለች፤ እኔ ብሆን አላደርገውም፣ እሷ ግን እንዲህ ናት።

ካልመጡም ችግር የለም፤ እኛ ሕግ አክባሪዎች ነን። ሐሙስ እንደታዘዝነው ጋዋኑን ሳናጥብና ሳንነካ ኮሚቴው ፊት እናቀርባለን። አክስቴ ትለብሰዋለች፤ ኮሚቴው እጇን ይፈልጋል፣ አያገኘውም። ቀጥሎ እርስዎ እንዲለብሱት በትሕትና እንጠይቅዎታለን። ያን ጊዜ እጅጌው የት እንደሚደርስ እናያለን። ዓሣ ጠባሿ ኪሱን፣ ዳቦ ጋጋሪው ደረቱን፣ ሥጋ ሻጩ እጅጌውን ይዘው ይቆማሉ። ከዚያ በኋላ አንድ ጋዋን ለአራት ሰው የለበስንበትን ጥፋት እኛም እንጠየቅበታለን፤ ሁሉም ይህን አውቀው ነው የሚመጡት። እኛ አንድ ንጹሕ ጋዋን ለአራት ለበስን፤ እርስዎ የሦስት ቤት ቆሻሻ በአንድ ጋዋን ለበሱ። ኮሚቴው ይመዝነው። ሥጋ ሻጩ ሚዛኑን ይዞ እመጣለሁ ብሏል፤ አውራ ጣቱን ግን አናምነውም።

የሆድዎን ስፋት፣ የአፍንጫዎን ብርታትና የዓይንዎን ብርሃን ፈጣሪ እንዲያበዛልዎ፣ በተለይ የመጨረሻውን፣ እየለመንኩ፣ ማኅተምዎ ካረፈበት በር ኋላ ሆኜ፣ ከመጥረጊያዬ ጋር እጅ እነሳለሁ።

የታላቅ አክብሮትዎ ዕዳ ያለባት፣
የሻይ ሻጯ የእህት ልጅ፣ አፏ ያልተያዘላት

ማሳሰቢያ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ አንዲት ሴት፣ እጃቸው ከሳሙና ብዛት የተሸበሸበ፣ የገበያ ዘንቢል ይዘው በራችን ላይ ቆመው የተለጠፈውን ወረቀት ሲያነቡ አገኘኋቸው። «ጠፋብኝ ያለኝ መነጽር እዚህ ነው ብለውኝ ነው» አሉ። አክስቴ ከጓሮ አስገብታ ጋዋኑን አሳየቻቸው። አንገቱን ገልጠው ቀዩዋን ክር አዩ፤ ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ ከጎረቤት ልብስ ጋር እንዳይቀየርባቸው ራሳቸው የጠለፏት ናት። «እንዴት ነው ውሃ ነክቶት የማያውቀው? ቅዳሜ ቅዳሜ በሁለት እጄ የማጥበው እኔ አይደለሁም?» አሉ። ከዚያ ቀኝ ኪሱን አሸተቱ። ቤት ሲገቡ ሁልጊዜ «ሆዴን አሞኛል፣ የሥራ ድካም ነው» እያሉ ራትዎን ሳይነኩ የሚተኙበት ምክንያት የዚያን ጊዜ ተገለጠላቸው። ሐሙስ ከፊት ወንበር እቀመጣለሁ ብለዋል። አክስቴ ያቀረበችላቸውን ሻይ ጠጥተው፣ ሂሳብ ሳይባሉ ከፍለው፣ አንድ መልእክት አስይዘውኛል፤ ቃል በቃል አደርሳለሁ፦ እስከ ሐሙስ ድረስ ራትዎን ጋዋንዎ የበላበት ቤት ይብሉ።